ታክስ ሪተርኔን በአንድ ሳምንት አሳልፌ የሰልፍ ኢምፕሎይድ ግራንት ተከለከልኩ፤ ይመለስልኝ ይሆን?

ጥያቄው (በ2021 የቀረበ ነው፤ መልሱም የዚያን ጊዜ ደንብና መጠን ይዞ የተጻፈ)፦ «ለንደን ውስጥ ሚኒካብ እነዳለሁ። በራሴ መሥራት የጀመርኩት በ2018 ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህ መንግሥት ለሰልፍ ኢምፕሎይዶች (በግላቸው ለሚሠሩ) የሰጠውን ግራንት ሦስቱንም ጊዜ ወስጃለሁ። የ2019–20 ታክስ ሪተርኔን (ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዬን) የሚሠራልኝ ወዳጄ ‹ጊዜው እስከ ፌብሯሪ 28 ተራዝሟል፣ ቢያልፍም 100 ፓውንድ ነው› ስላለኝ አልተጣደፍኩም። ማርች 9 ቀን 2021 ገባ። አሁን አራተኛውን ልጠይቅ ኦንላይን ስገባ አይገባህም ይለኛል። ትርፌ በዓመት 13,500 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ የመጣብኝን 794 ፓውንድ ገና አልከፈልኩም። ባለቤቴ በሳምንት 16 ሰዓት ጽዳት ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች አሉን። ሦስቱን ሰጥተውኝ አራተኛውን እንዴት ይከለክሉኛል? ቅጣቱን በይግባኝ ባሰርዝ ግራንቱ ይመለስልኛል? ካልሆነ የዘንድሮውን ሪተርን ቶሎ አስገብቼ አምስተኛውን እደርስበታለሁ?»

አራተኛው ግራንት በእጅዎ ካለው ምክንያት አይመለስም። የ100 ፓውንዱ ቅጣት ቢሰረዝልዎትም አይመለስም። አምስተኛውም አብሮ ሄዷል። ይህን ገና ከመነሻው የምነግርዎት፣ በዚህ ወር እርሱን ሲያሳድዱ የሚያጠፉት እያንዳንዱ ቀን ሌላ ሊከፈልዎት የሚችል ገንዘብ ስለሚያስቀርብዎት ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። በፊት ግን አንድ የሚጣራ ነገር አለ።

«ማርች 9 ገባ» ያሉት ከወዳጅዎ ሰምተው ነው ወይስ ዐይተው? ግብር መሥሪያ ቤቱ (ኤችኤምአርሲ) የሚያየው ሪተርኑ እርሱ ዘንድ የደረሰበትን ቀን ነው። በራስዎ የመንግሥት ጌትዌይ አካውንት ገብተው የ2019–20ን ይክፈቱና የደረሰበትን ቀን ያንብቡ። ወዳጅዎ በሶፍትዌር አስገብቶት ከሆነ ቀንና ሰዓት ያለበት የማረጋገጫ ደረሰኝ አለው፤ ፎቶውን ይላክልዎ። ይህን የምለው በሁለት በኩል የተጎዱ ሰዎች ስላየሁ ነው። አንዱ ዘግይቷል ሲባል በእውነት በጊዜው ገብቶ የነበረ ነው። ሌላውና የሚበዛው ደግሞ ገብቷል ብሎ የተኛ ነው። ኦንላይን ሲሞሉ መጨረሻ አካባቢ የግብሩ ስሌት ወጥቶ ይታያል፤ ሰው ቁጥሩን ሲያይ የጨረሰ ይመስለውና ኮምፒውተሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ግን የሞላሁት እውነት ነው የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ፣ የአካውንት ቁጥርና የይለፍ ቃል እንደገና መጻፍ፣ ከዚያ መላክ አለ። ያ ካልተደረገ ሪተርኑ ረቂቅ ሆኖ ተቀምጦ ይቀራል።

ደረሰኙ ማርች 2 ወይም ከዚያ በፊት የሚል ከሆነ ዛሬውኑ ይደውሉ፤ የአራተኛው ማመልከቻ ጁን 1 ቀን 2021 ይዘጋል። ማርች 9 የሚል ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

መጀመሪያ የወዳጅዎ ነገር። ሪተርን የማስገቢያው ቀን አልተራዘመም። ቀኑ ጃንዋሪ 31 ነበር፣ ጃንዋሪ 31 ሆኖም ቀረ። መሥሪያ ቤቱ ጃንዋሪ 25 ላይ ያስታወቀው እስከ ፌብሯሪ 28 ላስገባ ሰው የማዘግየት ቅጣት እንደማይጥል ነው። ቅጣትን መተውና ቀንን ማራዘም ለብዙ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ በሕግ ፊት ግን ለየቅል ናቸው፤ የእርስዎም ችግር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ የተባለውን ፌብሯሪ 28 እንኳ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ግራንቱን ያገኙ ነበር።

የግራንቱ ቀን ሌላ ነው። የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ማርች 3 ቀን 2021 በጀቱን ሲያቀርቡ አራተኛውና አምስተኛው ግራንት በ2019–20 ሪተርንም ላይ ተመሥርቶ እንደሚሰላ፣ ሪተርኑ ግን ማርች 2 እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ የገባ መሆን እንዳለበት ተናገሩ። ልብ ይበሉ፤ ቀኑ የተነገረው ካለፈ በኋላ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ ቀርቶ ማርች 2 ጠዋት ላይ እንኳ ማርች 2 የመጨረሻ ቀን መሆኑን ከተርታው ሰው የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ «ቀኑን እያወቅሁ አሳለፍኩት» ብለው ራስዎን አይውቀሱ። ያሳለፉት ጃንዋሪ 31ን ነው፤ ማርች 2 በላዩ የመጣ ነው።

እንዲህ የተደረገበት ምክንያት አለው። ቀኑ አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ ሪተርኑን ያላስገባ ሰው ትርፉን አሳብጦ፣ ከነጭራሹ ያልሠራም ሠራሁ ብሎ ማስገባት ይችል ነበር። የማታለያውን በር ለመዝጋት በሩን ትላንት ላይ ዘጉት። ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ግን መራራ ነው። አስተያየቴን ከጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ የተከፈለው፣ መዝገቡ ያለ፣ መታወቂያው የተረጋገጠ ሰው አንድ ሳምንት ዘገየ ተብሎ ከአዲስ አታላይ ጋር አንድ ላይ መቆረጡ ትክክል አይመስለኝም። ደንቡ ግን ይኸው ነው፣ በግማሽም አይሰጥም።

«ሦስቱን ሰጥተውኝ እንዴት?» ላሉት፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተሰሉት እስከ 2018–19 ባሉት ሪተርኖች ነው። እርስዎ የ2018–19ን በጊዜው ስላስገቡ ሦስቱም ያለ ጥያቄ መጡልዎ። አራተኛው ላይ መለኪያው ተቀየረ። በመለኪያው ለውጥ በ2019–20 ሥራ የጀመሩና ቀደም ሲል የተገለሉ ከ600,000 በላይ ሰዎች አዲስ ገብተዋል፤ እንደ እርስዎ ያሉት በዚያው ለውጥ ወጡ። ብዙ ሰው ደግሞ ያለፈውን ዓመት ያስታውሳል። ያኔ ግራንቱ ማርች 26 ቀን 2020 ሲታወጅ የ2018–19ን ላላስገቡ እስከ ኤፕሪል 23 አራት ሳምንት ተሰጥቷቸው ነበር። ዘንድሮም ይሰጣሉ ብለው የጠበቁ ደንበኞች ነበሩኝ። አልተሰጠም።

ቅጣቱን ስለማሰረዝ። በዚህ አገር ሕግ በቂ ምክንያት ያለው ሰው የማዘግየት ቅጣት ይነሣለታል፦ ሆስፒታል መተኛት፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ የመሥሪያ ቤቱ ኦንላይን አገልግሎት መቋረጥና የመሳሰለው። ይግባኙ ቅጣቱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ይህ በቂ ምክንያት የሚባለው ነገር ግን የሚሠራው ለቅጣት ብቻ ነው። ግራንቱ የቆመው በሌላ ሰነድ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ በቂ ምክንያት አይጠየቅም፣ ቀኑ ብቻ ነው የሚታየው። ቅጣቱን አሰርዘው ወረቀቱን ይዘው ቢሄዱ የሚያገኙት መልስ «ደስ ይበልዎ፣ ግራንቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው» ነው። ደግሞም «ወዳጄ ነገረኝ» የሚለው ለቅጣቱም ቢሆን ደካማ ነው፤ በሌላ ሰው መተማመን በቂ ምክንያት የሚሆነው እርስዎ ራስዎ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግዎን ካሳዩ ብቻ ነው። ለ100 ፓውንድ ያልታመሙትን ታመምኩ ብለው እንዳይጽፉ አደራ። ይህ መሥሪያ ቤት ከእርስዎ ጋር ገና ብዙ ዓመት የሚቆይ ነው።

አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት ሊሞከርባት የሚገባት፦ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ከሆነ። ለምሳሌ ከማርች 2 በፊት ደውለው በስህተት የነገሩዎት፣ ወይም ልከው ሲስተማቸው የመለሰው ነገር ካለ። ማርች 2 የካቲት 23 ነበር፣ የዓድዋ በዓል ዕለት፤ ስለዚህ ያን ሳምንት ምን ሲሠሩ እንደነበር ማስታወስ አይከብድዎትም። የስልክዎን የጥሪ መዝገብና ከወዳጅዎ ጋር የተጻጻፉትን ይመልከቱ። ከተገኘ ቀኑንና ሰዓቱን ይዘው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ቅሬታ ያቅርቡ፣ ለአካባቢዎ የፓርላማ አባልም ይጻፉ። ግራንት በመከልከሉ ላይ እንደ ግብር ጉዳይ ለትሪቡናል ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ የሚቀረው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ነው፣ ወጪው ደግሞ ከሚጠይቁት ገንዘብ ይበልጣል።

ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነም ይታወቅ፤ ቡና ላይ የሚወራው 15,000 ፓውንድ የሁለቱ ግራንቶች ጣሪያ ተደምሮ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። አራተኛው ግራንት የሦስት ወር አማካይ ትርፍ 80 በመቶ ነው። 13,500 ለ12 ሲካፈል 1,125፣ በሦስት 3,375፣ ሰማንያ በመቶው 2,700 ፓውንድ። አምስተኛው ገቢያቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ለወረደባቸው ያንኑ 2,700 ይሆን ነበር፤ ከዚያ ያነሰ ለወረደባቸው 30 በመቶ ብቻ፣ በእርስዎ ስሌት 1,012 ፓውንድ ተኩል። ቢበዛ 5,400 ነው ያጡት። ለሁለት ልጆች ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሊተካ የማይችል ግን አይደለም።

አምስተኛውን በዘንድሮው ሪተርን ለመድረስ ያሰቡት አይሠራም። የ2020–21 ሪተርን ነገ ቢያስገቡ መልካም ነው፣ ብቁ ግን አያደርግዎትም፤ አምስተኛውም የሚጠይቀው ያንኑ ማርች 2ን ነው። የድሮ ሪተርን ከፍተው ማስተካከልም ከዚያ ቀን በኋላ መብት አይፈጥርም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። «እኔ አስተካክልልሃለሁ፣ ከመቶ አሥር ትሰጠኛለህ» የሚል ሰው ከመጣ ይራቁ። ይህን ግራንት ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚጠይቀው፤ አካውንታንት እንኳ በእርስዎ ስም ገብቶ ቢጠይቅ የማጭበርበር ማስጠንቀቂያ ይነሣል። በስልክ የሚመጣ «ግራንትዎ ተፈቅዷል፣ ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክትም ሌባ ነው። እንዲሁም በስህተት የተከፈለ ቢኖር፣ እንደማይገባ እያወቁ በ90 ቀን ውስጥ ያላሳወቁ ሰዎች ገንዘቡን መልሰው በላዩ እስከ ግራንቱ ሙሉ መጠን ሊቀጡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሚያስፈልግዎት ልምጣ። በየቀኑ እየከሰሩ ያሉት ዩኒቨርሳል ክሬዲትን፣ ማለትም ገቢው ላነሰ ቤተሰብ በየወሩ የሚከፈለውን የመንግሥት ድጎማ ነው። የሚቆጠረው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ወደ ኋላ የሚከፍሉት በጣም በጠበበ ምክንያት፣ ያውም ቢበዛ ለአንድ ወር ነው። እንደ ባልና ሚስት አንድ ላይ ነው የምታመለክቱት፣ የባለቤትዎ ደመወዝም ይገባል። ልጆች ስላሏችሁ ግን በ2021 መጠን፣ የቤት ኪራይ ድጋፍ ካለበት በወር 293፣ ከሌለበት 515 ፓውንድ እስክታገኙ አይነካም፤ ከዚያ በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 63 ፔንስ ይቀነሳል። በኮሮና ምክንያት በሳምንት የተጨመረው 20 ፓውንድ እስከ ሴፕቴምበር 2021 መጨረሻ ይቀጥላል። ለሰልፍ ኢምፕሎይድ ትልቁ ነገር ደግሞ፣ ባትሠራም ይህን ያህል እንዳገኘህ እንቆጥራለን የሚለው ዝቅተኛ የገቢ ወለል እስከ ጁላይ 2021 መጨረሻ መነሣቱ ነው። ስለዚህ ወሩ ባዶ ከነበረ ባዶ ተብሎ ይሰላል።

የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ እርሱ ግን ብድር ነው። በየወሩ የገባውንና የወጣውን ራስዎ ነው የሚያሳውቁት፣ እንደ ታክስ ሪተርን ዓመት አይጠብቅም። ለመኪና የሚያዘው በማይል ነው፦ በወር ለመጀመሪያዎቹ 833 ማይሎች 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 25። ስለዚህ የማይል መቁጠሪያውን ቁጥር ወር በገባ ቁጥር ፎቶ ያንሡት። ሥራ ለማግኘት ባዶ የነዱትም ይቆጠራል፣ ሰው ግን ተሳፋሪ የጫነበትን ብቻ ይጽፋል።

ከማመልከትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ቪዛዎ ወይም የባለቤትዎ ቪዛ ላይ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» (የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይቻልም) የሚል ካለ አይንኩት። የሰልፍ ኢምፕሎይዱ ግራንት እንደ ፐብሊክ ፈንድ ስለማይቆጠር ብዙ ሀገር ልጆች ያለ ችግር ወስደውታል፤ በዚያው ልብ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የጠየቀ ግን የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ የዘላቂ መኖሪያ ያለው ወይም ዜጋ ከሆነ ችግር የለም። ሁለተኛው፣ አሁን ታክስ ክሬዲት (ከዩኒቨርሳል ክሬዲት በፊት የነበረውን የቆየ ድጎማ) እየወሰዳችሁ ከሆነ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ባመለከታችሁበት ቀን ያኛው ይቆማል፤ ማመልከቻችሁ ውድቅ ቢሆንም ወደ ኋላ አትመለሱም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ይህን ሳታውቅ በስልኳ አመልክታ የልጆቿ ገንዘብ ተቋርጦ መጥታብኝ ነበር፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ይህ የሚነካችሁ ከሆነ መጀመሪያ ነጻ ምክር ወደሚሰጠው ድርጅት ሲቲዝንስ አድቫይስ ሂዱና ሁለቱን አስልታችሁ አወዳድሩ።

ከካውንስላችሁም (ከአካባቢያችሁ አስተዳደር) ይጠይቁ። መንግሥት ለካውንስሎች እንደ ራሳቸው ውሳኔ የሚሰጡት የድጋፍ ገንዘብ አድሏል፤ አንዳንዶቹ ለታክሲና ሚኒካብ ነጂዎች ከፍለውበታል፣ አንዳንዶቹ የሱቅ ኪራይ ላለው ብቻ። የሚወስነው የሚኖሩበት ካውንስል ስለሆነ ጎረቤት ቦሮ (የለንደን ወረዳ) የሚኖር ጓደኛዎ ያገኘው ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል። ገንዘቡም ያልቃል።

የግብሩ ዕዳ። 794 ፓውንዱን እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 2021 ከፍለው ወይም ክፍያ አዋውለው ቢሆን ቅጣት አልነበረበትም። ያ ስላለፈ 5 በመቶ፣ ወደ 40 ፓውንድ ይጨመራል፤ ከፌብሯሪ 1 ጀምሮ ደግሞ በዓመት 2.6 በመቶ ወለድ ይቆጥራል። ካልተከፈለ በጁላይና ኦገስት መጋጠሚያ ላይ ሌላ 5 በመቶ ይመጣል። ኦንላይን የሚደረገው የክፍያ ስምምነት ቀኑ ስላለፈ ይደውሉና በወር 70 ወይም 80 ፓውንድ እከፍላለሁ ይበሉ። ሰው ስልኩን የሚፈራው ቤቴ ይመጡብኛል ብሎ ነው፤ ቀድሞ የደወለን ሰው ግን በደንብ ነው የሚያስተናግዱት። የማይችሉትን ቁጥር ብቻ አይናገሩ፣ አንድ ወር ካቋረጡ ስምምነቱ ይፈርሳል።

ወዳጅዎን ስለመክሰስ አልጠየቁኝም፣ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ እርሱ ነው። በሙያ ማኅበር የተመዘገበ ተከፋይ አካውንታንት ከሆነ የቅሬታ መንገድና የሙያ ኢንሹራንስ ይኖረዋል፤ ወረቀቱን በጊዜው እንደሰጡት የሚያሳይ መልእክት ካለዎት በጽሑፍ ይጠይቁት። እንዲህም ሆኖ ማርች 2ን አስቀድሞ ማንም አያውቀውም ነበር የሚለው መከላከያ ጠንካራ ነው። ለውለታ ብሎ የሚሠራ ሰው ከሆነ ደግሞ ወዳጅነቱን ለማይገኝ 5,400 ፓውንድ አይሽጡት። ከእንግዲህ ግን ደረሰኙን ሳያዩ ገብቷል የሚለውን አይቀበሉ።

የምመክርዎት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ዛሬ ማታ የሪተርኑን ቀን ያረጋግጡ። ነገ ጠዋት ቪዛውንና ታክስ ክሬዲቱን ካጣሩ በኋላ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያመልክቱ፣ በዚያው ሳምንት ስለ ዕዳው ይደውሉ፣ ለካውንስሉ ይጻፉ። የ2020–21 ሪተርንዎን ኦክቶበር ሳይገባ ይጨርሱ፤ እስካሁን የወሰዷቸው ሦስቱ ግራንቶች እዚያ ላይ እንደ ገቢ መጻፍ አለባቸው፣ ግብርም ብሔራዊ ኢንሹራንስም ይከፈልባቸዋል። ይህን ረስተው ዘንድሮ ገቢዬ ትንሽ ነው ብለው የተቀመጡ ነጂዎች ጃንዋሪ 2022 ላይ ያላሰቡት ሒሳብ ይጠብቃቸዋል፤ እርስዎ ከአሁኑ በየሳምንቱ ጥቂት እያስቀመጡ ይቆዩ።